«ሴቶች ይቅደሙ» ተብሎ የተቆጠረ የልብ ምት

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ በቴሌግራም ደረሰኝ። መጀመሪያ የላከችልኝ እህቴ ናት። ቀጥሎ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ላከልኝ። ማታ ላይ ደግሞ የዕድራችን ግሩፕ ውስጥ አገኘሁት። ርእሱ «የልብ ምት አይዋሽም» ይላል። የጻፉት ሰው እዚሁ ጎንደር ስፖርት እንደሚያስተምሩ ገልጸዋል። አንብቤ ልተወው ነበር። ግን አዘዞ ያለችው አክስቴ ደወለች። «አንቺ ልጅ፣ ይቺን ልጄን ከሩጫው ላስቀራት እንዴ?» አለችኝ። ልጅቷ በየጠዋቱ ትሮጣለች። ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አልቻልኩም። እኔ ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ የልብን ነገር በየዓመቱ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እሥላለሁ።

መጀመሪያ ጽሑፉ ያለውን እንዳለ ላስቀምጥ። መምህሩ አስር ወንድና አስር ሴት ተማሪዎችን ሜዳ አወጡ። ከሩጫው በፊት የሁሉንም የልብ ምት ቆጠሩ። ከዚያ በአንድ ፊሽካ፣ በአንድ ፍጥነት፣ ሜዳውን አስዞሯቸው። ሲጨርሱ እንደገና ቆጠሩ። የሴቶቹ አማካይ በፊትም በኋላም ከወንዶቹ በልጦ ተገኘ። ልዩነቱ በሁለቱም ጊዜ ተቀራራቢ ነው፤ ከአስር ምት አይሞላም።

ከዚህ ተነስተው የደመደሙት እንዲህ ነው። ሴት ልጅ ቁጭ ብላ እንኳ ልቧ ቶሎ ቶሎ ይመታል፤ ስለዚህ ደካማ ነው። ስትሮጥ ከወንዱ በላይ ይወጣል፤ ስለዚህ ይጎዳል። ሩጫው ሲያበቃ የወንዶቹ ቶሎ ይረጋል፣ የሴቶቹ ይዘገያል፤ ይህን «የተፈጥሮ ፍርድ» ብለውታል። ከ220 ላይ ዕድሜ ሲቀነስ የሚገኘው ቁጥር የአደጋ መስመር ነው፤ ጎንደር ከፍታ ላይ ስለሆነች ሴቶች ያንን መስመር ቶሎ ያልፋሉ። ስለዚህ በስፖርት ክፍለ ጊዜ ሴቶች ከሩጫ ወጥተው ቀለል ያለ ነገር ይሰጣቸው። ሁሉንም በአንድ ምሳሌ ጠቅልለውታል። የወንድ ልብ አይሱዙ፣ የሴት ልብ ባጃጅ፤ የጎሃን ዳገት ሲወጡ የየትኛው ሞተር እንደሚጮህ ስሙ ይላሉ።

ምሳሌው አስቆኛል። ስለ ባጃጁ እመለስበታለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልስጣቸው። ብዙ ሰው ሳይለካ ነው የሚያወራው፤ እሳቸው ቢያንስ ሜዳ ወጥተው ለክተዋል። ከሩጫ በፊት ያገኙትም ልዩነት አይገርመኝም። የሴቶች የዕረፍት የልብ ምት በአማካይ ከወንዶች በጥቂት ምት እንደሚበልጥ በብዙ አገር ተለክቶ የታወቀ ነው። ከጉርምስና በኋላ ወንዶች በአማካይ ፈጣን ሯጮች መሆናቸውንም አልክድም። የማልስማማው ቁጥሩ ከተሸከመው በላይ ሲጫንበት ነው።

ወደ መጀመሪያው ነጥብ ልግባ። ልብ በአንድ ደቂቃ የሚረጨው ደም ሁለት ቁጥሮች ተባዝተው የሚገኝ ነው። አንደኛው በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደመታ ነው። ሁለተኛው በአንድ ምት ስንት ደም እንደረጨ ነው። መምህሩ የቆጠሩት የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ሁለተኛውን በጣት መቁጠር አይቻልም።

ቦኖ ላይ ሁለት ሰዎች በርሜል ሲሞሉ አስቡ። አንዱ በትልቅ ጣሳ ይቀዳል፣ ሌላዋ በትንሽ ጣሳ። የትንሿ ጣሳ ባለቤት ቶሎ ቶሎ ትቀዳለች። እጇን አይታችሁ «ይቺ ሰነፍ ናት» ትላላችሁ? የአዋቂ ሴት ልብ በክብደት ከወንዱ በሩብ ያህል ያንሳል። በአንድ ምት የሚረጨውም ያነሰ ነው። አካሏም በአማካይ ያነሰ ስለሆነ የሚያስፈልጋት ደም ይደርሳታል። እንበልና የአንዱ ሰው ልብ በደቂቃ 70 ጊዜ እየመታ በያንዳንዱ ምት 70 ሚሊ ሊትር ይረጫል። 4,900 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። የሌላዋ 78 ጊዜ እየመታ 60 ሚሊ ሊትር ቢረጭ 4,680 ይሆናል። ሰውነቷ አነስ ላለ ሴት ይሄ ሙሉ ሥራ ነው።

ደግሞ «ቶሎ የመታ ልብ ደካማ ነው» የሚለው ሕግ ከሆነ፣ ሕግ ለሁሉም እኩል ይሥራ። የአይጥ ልብ በደቂቃ ከ500 ጊዜ በላይ ይመታል። የዝሆን 30 ገደማ ነው። አይጧ የልብ በሽተኛ ናት ያለ የእንስሳት ሐኪም አልሰማሁም። በተቃራኒው፣ በልብ ውስጥ ያለው የኤሌክትሪክ መስመር የተቋረጠበት በሽተኛ ምቱ በደቂቃ ወደ 40 ሊወርድ ይችላል። ለእሱ ሐኪሞች ደረቱ ውስጥ ማሽን ይተክሉለታል እንጂ «ጠንካራ ልብ አለህ» ብለው አያሰናብቱትም። 40 ምት ያለው የሠለጠነ ማራቶን ሯጭም አለ። ቁጥሩ ያው ነው፣ ልቡ ግን ሰማይና ምድር።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ነውና።

ሲጀመር፣ መቀነስ የሚባል ነገር አለ። መምህሩ ራሳቸው እንደጻፉት ልዩነቱ ከሩጫው በፊትም ከሩጫው በኋላም ተቀራራቢ ነው። እንግዲያውስ ሩጫው የጨመረው ምት ለሁለቱም እኩል ሆነ ማለት ነው! ሴቶቹ ከፍ ብለው ጀመሩ፣ በዚያው ልክ ከፍ ብለው ጨረሱ። «ሩጫው ሴቶቹን ለይቶ አስጨነቀ» ለማለት የሴቶቹ ጭማሪ ከወንዶቹ ጭማሪ መብለጥ ነበረበት። የራሳቸው ሠንጠረዥ ይህን አያሳይም።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉ ውስጥ ብዙ ሰው ዘሎ ያለፋት የምትመስለኝ አንዲት አረፍተ ነገር አለች። «ከሩጫው በኋላ ሴቶቹን በክብር አስቀድሜ ቆጠርኩ፤ ወንዶቹን አስከተልኩ።» ሦስት ጊዜ አነበብኳት። መምህሩ ብቻቸውን ናቸው፤ ሰዓታቸውም አንድ ነው። እያንዳንዱን ተማሪ ለ15 ሰከንድ ቆጥረው በአራት አባዝተዋል። አስር ሴቶችን ለመቁጠር ብቻ ሁለት ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። የእጅ አንጓ ላይ ትርታውን መፈለጉ፣ መጻፉ፣ «ዝም በሉ!» ማለቱ ሳይጨመር ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ወንዶቹ ምን ይሠሩ ነበር? ቁጭ ብለው ላባቸውን ይጠርጉ ነበራ!

ሩጫ ሲቆም ደግሞ የልብ ምት ቆሞ አይጠብቅም። በተለይ በመጀመሪያዎቹ አንድና ሁለት ደቂቃዎች በፍጥነት ነው የሚወርደው። ስለዚህ ከሩጫው በኋላ የተነጻጸረው ሴትና ወንድ አይደለም። የተነጻጸረው አሁን የቆመና አርፎ የቆየ ሰው ነው። ወንዶቹን አስቀድመው ቢሆን ኖሮ ውጤቱ ሊገለበጥ ይችል ነበር። ጨዋነታቸው ደስ ይለኛል፤ እኔንም ብዙ ጊዜ ወረፋ አስቀድሞኛል። ቆጠራውን ግን ገደለው።

የ15 ሰከንዱም ነገር አለ። በአራት ሲባዛ ስህተቱም አብሮ ይባዛል። አንድ ምት ከዘለላችሁ በደቂቃ አራት ምት አጠፋችሁ። አስር ምት ልዩነት ማለት በ15 ሰከንድ ውስጥ ሁለት ተኩል ምት ነው። ሃያ ልጆች በሚንጫጩበት ሜዳ ሁለት ምት መሳት ለማንም ቀላል ነው። እኔም ተማሪዎቼን ሳስቆጥር በየጊዜው ያጋጥመኛል።

እዚሁ ነጥብ ላይ ሌላው «በአንድ ፍጥነት አስሮጥኳቸው» የሚለው ነው። ፍትሐዊ ይመስላል። ግን ፍጥነቱ የማን ነው? በጉርምስና ጊዜ የወንዶች ሄሞግሎቢን ከፍ ይላል፤ ምክንያቱ ቴስቶስትሮን የተባለው ሆርሞን ነው። ሄሞግሎቢን ኦክስጅንን የሚሸከመው የደም ክፍል ነው። ስለዚህ አንድ ሊትር የወንድ ደም ትንሽ ይበልጥ ኦክስጅን ይይዛል። በዚያው ፍጥነት ስትሮጥ የሴቷ ልብ ጉድለቱን በምት ብዛት ያካክሳል። ይሄ የልብ ሥራው ነው። እስቲ እነዚያኑ አስር ወንዶች ወስደን ከፋሲል ከነማ ተጫዋቾች ጋር፣ በተጫዋቾቹ ፍጥነት እናስሩጣቸው። የማን ልብ ሊፈነዳ ይደርሳል? የልጆቹ። ታዲያ «ወንዶች ሩጫ ይቅርባቸው» ልንል ነው? እያንዳንዱ ልጅ በራሱ አቅም እስከ ጥግ ቢሮጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለ ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የመጨረሻው የልብ ምት 200 አካባቢ ነው።

አሁን ወደ ባጃጁ። ባጃጅ ዳገት ላይ ይጮሃል፣ እውነት ነው። ግን አይሱዙው የሚወጣው ኩንታል በኩንታል ላይ ተጭኖበት ነው፤ ባጃጁ ሦስት ሰው ይዞ። ባጃጁን የአይሱዙ ጭነት ተሸከም ያለው የለም። የሴት ልጅ ልብም የሚያንቀሳቅሰው የራሷን አካል ነው። በዚያ ላይ ጎንደርን ቀኑን ሙሉ፣ ዳገት ቁልቁለቱን ሳይሉ የሚያመላልሱን እነማን ናቸው? ሞተሩ ስለጮኸ ባጃጅ ይቁም ያለ ሰው ካለ፣ ከፒያሳ ማራኪ በእግሩ ይሂድ።

ስለ መረጋጋቱ፣ ማለትም ስለ ሦስተኛው ነጥብ፣ ብዙ አልልም። ግማሹ ያው የወረፋው ችግር ነው። ሌላው ግማሽ ልምምድ ነው። ሩጫ ሲቆም ልብን የሚያበርደው በዋናነት ቬገስ የሚባል ነርቭ ነው። አዘውትሮ የሚለማመድ ሰው ላይ ይህ ማብረድ ይፈጥናል። ከትምህርት በኋላ ሜዳ ላይ ኳስ ሲያሳድዱ የሚያመሹት እነማን ናቸው? ወደ ቤት ሄደው ሽንኩርት የሚከትፉትስ? መምህሩ «የተፈጥሮ ፍርድ» ያሉት የሰፈራችን ፕሮግራም ነው።

አራተኛው የ220 ነገር ነው። ይህን ቁጥር ጂም ውስጥ ግድግዳ ላይ ሳይቀር ተለጥፎ አይቼዋለሁ። በእ.ኤ.አ. 1971 በታተመ ሥራ የታወቀ ግምት ነው። ባለሙያዎቹ በጊዜው የነበሩ መረጃዎችን አይተው በመሃል ያሰመሩት መስመር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 ደግሞ ሌላ ቀመር መጣ፤ 208 ሲቀነስ ዕድሜ በ0.7 ተባዝቶ። ለ16 ዓመት ልጅ የመጀመሪያው 204 ይሰጣል፣ ሁለተኛው 197 ገደማ። ሁለቱም የአማካይ ግምቶች ናቸው። ጤነኛ ሰው ከግምቱ አስር ምት በላይ ወይም በታች ቢሆን የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ሁለቱም የሚገምቱት ልብ ሊደርስበት የሚችለውን ጣሪያ ነው፤ «ከዚህ ካለፍክ ትሞታለህ» የሚል ታፔላ አይደለም። አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። የ220ው ቀመር ውስጥ ያለው ዕድሜ ብቻ ነው። ጾታ የለበትም። ወንድና ሴትን የማይለይ ቀመር እንዴት የሴት አደጋ ማስረጃ ሆኖ እንደቀረበ አልገባኝም።

የከፍታውን ነገር ግን ወድጄዋለሁ፤ የእኛው ታሪክ ስላለበት። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻ ከአንድ አምስተኛ በላይ ያነሰ ነው። ከቆላ የመጣ እንግዳ ዳገት ሲወጣ ልቡ ይመታል፤ እዚህ ላይ መምህሩ ልክ ናቸው። ግን የሚመታው የእንግዳው ልብ ነው። ወንድም ቢሆን፣ ሴትም ብትሆን። እዚህ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሌላ ነው። ከእኛ ሽቅብ ሰሜን ተራሮች ውስጥ አምባራስ የሚባል ስፍራ አለ፤ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ። እ.ኤ.አ. በ2002 የነተመራማሪዋ ሲንቲያ ቢል ጥናት የዚያን አካባቢ 236 ነዋሪዎች ለክቶ አሳተመ። የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በአማካይ 95.3 በመቶ ሆኖ ተገኘ፤ ባሕር ዳርቻ ከሚኖር ሰው የተጠጋ ነው። ሄሞግሎቢናቸው ወንዶቹ 15.9፣ ሴቶቹ 15.0 ግራም በዴሲ ሊትር ነበር። የዓለም ተመራማሪዎችን ያስገረመ ውጤት ነው። ከጎንደር ከ1,300 ሜትር በላይ ከፍ ብለው የሚኖሩት ሴቶች ደማቸው እንዲህ ከሆነ፣ ጎንደር ከተማ ያለች የዘጠነኛ ክፍል ተማሪን በከፍታ ማስፈራራት አይሆንም።

አሁን ዋናው፣ አምስተኛው። ሴቶቹ ቁጭ ይበሉ የሚለው።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ አንድ የስፖርት አስተማሪ ነበረን። ወንዶቹ ሲሮጡ እኛን ዛፍ ሥር ያስቀምጠን ነበር። ሥራችን የወንዶቹን ጃኬት መያዝ ነው። «ልባችሁ አይችልም» ይለን ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ሃያ ሊትር ጀሪካን ተሸክሜ ከቦኖ ዳገቱን እወጣለሁ። ያን ጊዜ «ልብሽ አይችልም» ብሎ ጀሪካኑን የተቀበለኝ ሰው አላስታውስም።

ይሄ ሐሳብ አዲስም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1928 የአምስተርዳም ኦሎምፒክ ሴቶች ለመጀመሪያ ጊዜ 800 ሜትር ሮጡ። በፍጻሜው ዘጠኝ ሯጮች ተሰለፉ፣ ዘጠኙም ጨረሱ። አሸናፊዋ ጀርመናዊቷ ሊና ራድከ ነበረች። አንዳንድ ጋዜጦች ግን ሴቶቹ መሬት ላይ ተዘረሩ፣ ልባቸው አልቻለም ብለው ጻፉ። ውድድሩ ከኦሎምፒክ ተሰረዘ። የተመለሰው ከ32 ዓመት በኋላ፣ በ1960 ሮም ላይ ነው፤ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በሮጠበት ኦሎምፒክ። ማራቶን ለሴቶች የተፈቀደው በ1984 ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት ቆይቶ ደራርቱ ቱሉ ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ወርቅ ወሰደች። የደራርቱን ልብ አንድ ሰው ዛፍ ሥር ጃኬት አስይዞት ቢሆን ኖሮ ምን እንሆን ነበር?

የምክሩ ትልቁ ጣጣ ግን ራሱን የሚያረጋግጥ መሆኑ ነው። ልብ የሚጠነክረው በሥራ ነው። አዘውትሮ ሲሮጥ በአንድ ምት የሚረጨው ደም ይጨምራል፤ የዕረፍት ምቱ ይቀንሳል። ሴቶቹን ዘንድሮ ከሩጫ አስወጧቸው። ለከርሞ ቁጠሯቸው። ልዩነቱ ይሰፋል። ያኔ «አላልኳችሁም?» የሚል ሁለተኛ ጽሑፍ ይመጣል።

በእርግጥ ልቧ ከእኩዮቿ በጣም የሚፈጥን፣ ፎቅ ስትወጣ የምታለከልክ ልጅ ልታጋጥም ትችላለች። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠየቀው ደሟ ነው። ደም ማነስ የልብ ምትን ያፈጥናል። የወር አበባ የጀመረች ልጅ ብረት ታጣለች፤ ምግቧ ካልተካው ደሟ ያንሳል። መድኃኒቱ ቀላልና ርካሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም ደም ማነስ በሚበዛባቸው አገሮች ለልጃገረዶች በሳምንት አንዴ የብረትና ፎሊክ አሲድ ክኒን እንዲሰጥ ይመክራል። ቤት ውስጥም ምግብ እንደተበላ ወዲያው ሻይና ቡና ባይከተል ጥሩ ነው፤ ብረቱ ወደ ደም እንዳይገባ ያግዳሉ። ቡና ጠልተሽ ነው እንዳትሉኝ፣ ትንሽ ይቆይ ነው ያልኩት።

አንድ ሌላ ነገርም ለመምህሩ እሰጣለሁ። እየሮጠ ራሱን የሚስት፣ ደረቱን የሚወጋው ልጅ ካለ ሩጫው ወዲያው መቆም አለበት፤ ልጁም ሐኪም ዘንድ ይሂድ። በአገራችን ከጉሮሮ ሕመም ተነስቶ የልብ በር የሚያበላሸው በሽታ ብዙ ልጆችን ይጎዳል። ግን ይህ በሽታ ወንዶቹንም አይምርም። ያንን ልጅ «አይሱዙ ነህ» ብለን ብናስሮጠው ጉዳቱ የእኛ ነው።

ቆጠራውን ይድገሙት ብዬ ለመምህሩ መልእክት ልኬያለሁ። ተማሪዎቹ ጥንድ ጥንድ ይሁኑ፣ በአንድ ፊሽካ ሁሉም እኩል ይቁጠሩ፣ ቡና ያልጠጡበት ጠዋት ይሁን፣ በተለያየ ቀን ሦስት ጊዜ ይደገም። እስካሁን አልመለሱልኝም። ለአክስቴም ደወልኩላት። ልጅቷ ጠዋት ከአልጋ ሳትነሳ ትርታዋን ቆጥራ ትላክልኝ አልኳት። በማግስቱ ላከችልኝ። 62። ከጎኗ የተኛውን ወንድሟንም ቆጥራዋለች፤ እሱ 74። ወንድሟ «ሰዓቱ ተበላሽቷል» ብሏል።